በጆሮው የሚማረው ሐኪም

ሆስፒታላችን ውስጥ ሦስት ስፔሻሊስቶች ነበርን፤ በትምህርት ጉዳይ ግን አንድም ቀን ተስማምተን አናውቅም። ግሪካዊው የማህፀን ሐኪም በጅቡቲ ባቡር የሚመጣለትን የፈረንሳይኛ መጽሔት ካላነበበ ምሳ አይበላለትም። እኔ አዲስ አበባ ሄጄ፣ ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም። የመጋላ ሰፈር ተወላጁ የቀዶ ሕክምና አለቃችን፣ መቀስ አያያዝ ያስተማረኝ ሰው፣ ደግሞ በጆሮው ነበር የሚማረው። "አቦ፣ ወረቀት መልሰህ ብትጠይቀው ምን ይልሃል?" ይል ነበር።

ስለዚህ የኮርስ ጥሪ በመጣ ቁጥር እኔን ይልካል። ስመለስ፣ ከምሳ በኋላ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ሲጋደም፣ እሱ ቤት ፍራሽ ላይ ተደግፈን፣ ጫታችንን ይዘን የተማርኩትን እዘከዝካለሁ። እያቋረጠ ይጠይቀኛል፤ ካልመለስኩ "እንግዲያ ተኝተህ ነው የመጣኸው" ብሎ ይሳለቅብኛል። በሳምንቱ ኦፕራሲዮን ሲሠራ ላየው፣ ኮርሱን የወሰደው እሱ እንጂ እኔ አልመስልም። ይህ ደግሞ ያናድደኝ ነበር።

በዚያ ዓመት የጨጓራ ነቀርሳ ኦፕራሲዮን ኮርስ መጣ። እሱ ከስቶ ነበር። ስጠይቀው "ሙቀቱ ነው" አለኝ፤ ሐኪም ተብዬውም አመንኩት። ነቀርሳው እሱው ሆድ ውስጥ እንደነበረ፣ በገዛ እጁ ዳስሶ እንዳገኘው በኋላ ሚስቱ ነገረችኝ። አዲስ አበባ ሄደህ ታከም ብላ ለምናው ነበር። "የእኔን ሆድ የሚከፍተው እኔ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ተምሮ ይምጣ" አላት። የላከኝ እንዳድነው ነው።

ስመለስ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ስለነበር ቤቱ የደረስኩት በማግስቱ ነው። እንደ ልማዳችን ተቀመጥን። እሱ ጫቱን አልነካም። እኔ አዲስ ነገር ይዤ በመምጣቴ ደስ ብሎኝ እለፈልፋለሁ፤ ከየት እንደሚቆረጥ፣ የቱ ከየቱ እንደሚሰፋ።

"ጉበት ላይ ከደረሰስ?" አለኝ።

"ያኔማ አይነካም።"

"በምን ይታወቃል?"

"ዓይን ቢጫ ይሆናል። ከጎድን ሥር ጠጣር ነገር ይዳሰሳል። ብትከፍተውም መልሶ መዝጋት ነው። አስተማሪው 'እንዲህ ያለውን በሽተኛ አታሰቃዩት፣ ቤቱ ይረፍ' ብሎናል።"

ለሙቀቱ ሲባል መስኮቱ ተዘግቶ ክፍሉ ጨለም ብሏል፤ ዓይኑን ልብ ብዬ አላየሁትም። ጥያቄ የማያልቅበት ሰው "ደህና ተምረሃል" ብቻ አለኝና፣ ሚስቱን ሻይ እንድታመጣልኝ ጠራት።

እኔ ከወጣሁ በኋላ መስታወት ይዞ ግቢው ውስጥ ብርሃን ላይ እንደቆመ የነገረችኝ እሷ ናት። ሆዱን ክፈትልኝ ብሎ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ብዙም ሳይቆይ ቀበርነው።

በአገራችን መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ቃል ተመርጦ ነው። እኔ የእሱን መርዶ ለራሱ ነገርኩት፤ ጫት እየቃምኩ፣ ደስ እያለኝ።