አባቴ ጋ ብቻ ቀጥ የምትለው ፕሮግራም

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥ ጠዋት ነው፤ ከአንኮበር በታች ወዳለው ቤታችን፣ አባቴ ጋ። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ መጽሐፍ የምታነብለት ፕሮግራም ሠርቼለታለሁ። የተጻፈችበትን ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ፣ ቋንቋውን የሚያስኬደውንም ሞተር፣ ያለ አስተማሪ እየወደቅሁ እየተነሣሁ የሠራሁት እኔው ነኝ። እኔ ጋ ደህና ስትሠራ የቆየችው እሱ ጋ ግን፣ እያነበበች ሳለ ገጽ ለመግለጥ ቁልፍ ሲጫን፣ ቀጥ ትላለች። በስልክ «ልጄ፣ እጄ ከብዶ አበላሸኋት፤ ከእንግዲህ አልነካትም» አለኝ። ይህን ሰምቼ እንዴት ልቀመጥ?

ሚኒባሱ የገብሱን ማሳና በጎቹን እያለፈ አንኮበር አደረሰን። ሽሮ በላሁ፤ ቆሎ በኪሴ፣ ኮምፒውተሬን በጀርባዬ አድርጌ ወደ አሊዩ አምባ የሚወስደውን ቁልቁለት ጀመርሁ።

ጠባቧ መንገድ

ገደሉ አፍ ላይ፣ ማሽላ የጫነች አህያ ይዘው ሽቅብ የሚመጡ እናት ገጠሙኝ። ሁለታችንም ቆምን።

«ይለፉ፣ እማማ።»

«ወላሂ አንቺ ሳታልፊ አላልፍም፤ የከተማ እንግዳ ነሽ።»

«በሞቴ!»

«አትሙቺብኝ፣ እለፊ!»

ከኋላቸው አህያ የሚነዱ ሰውዬ ጮኹ፦ «በጨዋነታችሁ እዚሁ ልንሸብት ነው እንዴ! የጫነና የሚወጣ ይቀድማል። አንቺ የማን ልጅ ነሽ፣ ከተማ ገብተሽ ረሳሽው?»

እየሳቅሁ የገደሉ ግድግዳ ላይ ተለጠፍሁ። አህያዋ ስታልፍ ነገሩ ተገለጠልኝ። ሞተሩ ውስጥ ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ድምፁን አቁሞ ገጽ ይገልጣል። እንዳይደበላለቁ ብዬ ገጹንም ድምፁንም አንዱ ሲይዝ ሌላው እንዲጠብቅ አድርጌ ነበር። አንዱ ድምፁን ይዞ ገጹን ይጠብቃል፤ ሌላው ገጹን ይዞ ድምፁን። የሚለቅ የለም! የእኔ ኮምፒውተር ፈጣን ስለሆነ እምብዛም አይገጣጠሙም፤ የአባቴ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ግን ይፋጠጣሉ።

ቤት

አባቴ ኮምፒውተሩን በነጠላ ጠቅልሎ ከሣጥኑ ላይ አስቀምጦታል። ደጃፍ ቁጭ ብዬ ለሞተሩ ሕግ ጻፍሁለት፦ ሁሉም አስቀድሞ ገጹን፣ ከዚያ ድምፁን ይያዝ፤ ገጹን ያላገኘ ባዶ እጁን ይጠብቅ።

«አባዬ፣ እያነበበች ሳለ የገጹን ቁልፍ ተጫን።»

እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ። «ተይ፣ አበላሻታለሁ።»

«እጅህ ምንም አላደረገም፤ ሞተሩ ነው።»

ጣቱን ይዤ አብረን ተጫንን። ገጹ ተገለጠ፤ ድምፁም ቀጠለ። የሚቀጥለውን ገጽ ብቻውን ተጭኖ ገለጠ።

እሑድ ደብረ ብርሃን ተመለስሁ። የሰው ችግር እሱው ቤት ድረስ ሄደው ካላዩት እንደማይታይ፣ ማን እንደሚቀድም ካልተስማሙም ጨዋነት ብቻውን መንገድ እንደማይከፍት ተምሬአለሁ። አባቴ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ያልጣመውን ምዕራፍ እስክትጨርስ አይጠብቃትም፤ መሀል ላይ ቁልፉን እየተጫነ ያሳልፋታል።