ቅናት ይዞኝ የመረቅሁት ቤት

እኔና ጓደኛዬ ዋሽንግተን፣ ዩ ስትሪት አንድ ምግብ ቤት አብረን አስተናጋጆች ነበርን። ከሥራ ስንወጣ እስከምንኖርበት ሀያትስቪል በአንድ አውቶቡስ እየሄድን የራሳችንን ምግብ ቤት በወሬ እንከፍት ነበር፤ እዚያው አቅራቢያ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ መሀል፣ በሩ ላይ ማንቆርቆሪያና የእጅ መታጠቢያ ያለው። ማንቆርቆሪያው የእኔ ሐሳብ ነው፤ ይህን ያዙልኝ።

ያኔ የሲልቨር ስፕሪንግ መሀሉ ጭር ያለ ነበር። ዛሬ ነገ ስንል አሮጌው ሲኒማ ቤት መብራቱ በራ፣ ሰዉ ጎረፈ፣ ኪራዩም ሰማይ ወጣብን።

ጓደኛዬ ተስፋ አትቆርጥም። "እታለም፣ ላስ ቬጋስም እንደዚህ የሞተ መሀል ከተማ፣ ዳውንታውን የሚሉት፣ አለ አሉ። ሰዉ ወደ አዲሶቹ ካሲኖዎች ሄዶ ጥሎታል። ይሄኛውን እንኳ ሳይነሳ እንያዘው" አለችኝ።

"የቁማር ከተማ ገብቼ ለንስሐ አባቴ ምን ልበላቸው?" ብዬ ሳቅሁባት። ብቻዋን ሄደች።

ከዓመታት በኋላ ደወለች። "ቤቴን ልከፍት ነው። ታላቄ አንቺ ነሽ፤ ሳትመርቂልኝ እንግዳ አላስገባም።"

ሄድኩ። የሞተ የተባለው ጎዳና እንደ ጥምቀት ሜዳ ሞልቶ ጠበቀኝ። የዛጉት የካሲኖ ማስታወቂያዎች አምፑላቸው ተቀይሮ በጠራራ ፀሐይ ይበራሉ፤ መኪና በተከለከለው መንገድ ላይ ጊታር ይመታል፣ ሰዉ ቢራውን ይዞ ይንሸራሸራል። የእሷ ቤት መሀሉ ላይ። በሩ ላይ ደግሞ ማንቆርቆሪያ! "ጎሽ፣ ያምራል" አልኩ፤ ያለው ከንፈሬ ብቻ ነው።

በሩ ላይ ምርቃቱን የሚጠብቁት ባለታክሲዎች፣ ጥቁር ሰደርያ የለበሱት የካሲኖ ሠራተኞች፣ ሁሉም መዳፋቸውን ዘርግተው ቆሙ። ቅናት የያዘው ሰው ምርቃት ይይዛል? እሷ ግን አምናኝ አንገቷን ደፍታለች።

"ቤትሽ በእንግዳ ይሙላ!"

"አሜን!"

"መሶብሽ አይጉደል!"

"አሜን!"

"ለእኔም እንዲህ ያለውን ይስጠኝ!" አመለጠኝ።

አንዱ ባለታክሲ "እማማ፣ ምርቃቱን ወደ ራስዎ አዞሩት እኮ!" ብሎ ሳቀ።

እሷ ቀና ብላ ከሁሉም ጮክ ብላ "አሜን!" አለች። እጄን ይዛ ወደ መታጠቢያው ወሰደችኝና ማንቆርቆሪያውን አነሳች። "ማንም እንዳይነካው ብዬ ነበር። መጀመሪያ አንቺ ታጠቢበት፤ ሐሳቡ የማን ሆነና?"

ቅናቴ ለቀቀኝ ብል ውሸቴን ነው። ያቀረበችልኝን ጥብስ ግን ጥርግ አድርጌ በላሁ። ጨው ያንሰዋል ማለቴንም አልተውኩም፤ እውነትም አንሶት ነበር።