ማሽኑን ላስነሳ ስል

የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ለዕረፍት አሶሳ መጥቼ ያረፍኩበት ግቢ ውስጥ እንግዶች የምንጋራው አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ። ዛሬ ጠዋት አንሶላዬን ከትቼ፣ የማሽኑን በር ሳልዘጋ ሳሙና ላመጣ ሄድኩ።

ተመልሼ ዘጋሁት። ጣቴ ማስነሻው ላይ እንዳለ ከኩርሙክ የመጣችው የጎን ክፍል እንግዳ እየሮጠች መጣች።

«እህቴ፣ አሚናን አየሽ? ልጄ ጠፋች!»

ያኔ ከማሽኑ ውስጥ ሳቅ ሰማሁ።

በሩን ስከፍት የሦስት ዓመቷ አሚና አንሶላዬን ተከናንባ ተደብቃለች። እናቷ አቅፋት መሬት ላይ ተቀመጠች። «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

(ትናንት «የማሽን ተራ አክብሩ» ብዬ ግቢውን ያስጨነቅኩት እኔው ነበርኩ፤ ዛሬ በሩን ክፍት ትቼ የሄድኩትም እኔው።)

አንሶላውን በእጄ አጠብኩት፤ ያንን በር ዳግም ለመዝጋት ድፍረት አጣሁ።

እናንተስ ውስጡን አይታችሁ ነው የምትዘጉት? እንዲህ ያስደነገጣችሁ ካለ ንገሩኝ።