ሮስት ያደረገኝ ሰው

ከደብረ ብርሃን የወጣሁ ዕለት አመሻሽ ላይ ጎረቤቱ ግቢያችን ሞልቶ ተራ በተራ መረቀኝ። ስንት ጊዜ የተጣላኋት ጎረቤቴ እንኳ አመሌን ሁሉ ረስታ «እንደ እሷ ያለ ሰው ከየት ይመጣል» ብላ አለቀሰች። እኔ የማውቀው፣ ጉባኤ በተሰበሰበበት ሰው ሲወደስ ነው። ይህን ልማድ ይዤ ነው እንግዲህ፣ ዲቪ ደርሶኝ፣ የአራት ዓመት ልጄን ሶልያናን አዝዬ አሜሪካ የገባሁት።

የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ ብዬ መኩራራቴን ያስተወኝ አሌክሳንድሪያ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ነው። ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ባቡር ይዤ ስደርስ ገና ሥራ ሳልጀምር ይደክመኛል። ሰሃን ሳጥብ፣ ሾርባ ሳመላልስ አሥር ዓመት ሞላኝ። ሥራውን ያስተማረኝ ካርል የሚባል ሽበታም ምግብ አብሳይ ነው። ልጄ ስትታመም ሽፍቴን ገብቶ የሚሠራልኝ፣ በረዶ ሲጥል ቤቴ ድረስ በመኪናው የሚያደርሰኝ እሱ ነበር። እዚህ አገር እንደ ሥጋ ዘመድ የምቆጥረው እሱን ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት የወጥ ቤቱ ሱፐርቫይዘር ስሆን ባልደረቦቼ ምሳ አዘጋጁልኝና «ካርል ሮስት ያደርግሻል» አሉኝ። አስተማሪነቴ ተነሣብኝና ቃሉን መዝገበ ቃላት ላይ አገላበጥኩት። ድሮ የሥጋ ጥብስ ብቻ ነበር። ቆይቶ ሰውን በፌዝ መለብለብ ሆነ፤ ኋላ ደግሞ የተከበረ ሰው ተጋብዞ ወዳጆቹ በፊቱ የሚያላግጡበት ወግ። አሁን እነ ሶልያና ስልካቸው ላይ የሚሰዳደቡበት ጨዋታ ነው። የእኛ ተረብ ማለት ነው ብዬ ሳልሰጋ ልጄን ይዤ ሄድኩ።

ካርል ተነሣ። ሥራ አስኪያጁን ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ስጨብጥ ወገቤን ያመመኝ መስሎት እሱ ራሱ ወንበር ፍለጋ እንደሮጠ ተናገረ፤ አጎነባበሴን ሳይቀር እያስመሰለ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ዞር ስል ሶልያና እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። ተረብ በእኩያ መሀል ነው፤ እናት በልጇ ፊት መሳቂያ አትደረግም። ምሳዬን ሳልጨርስ ልጄን ይዤ ወጣሁ።

ባቡር ላይ «ማሚ፣ ሂ ላይክስ ዩ፤ ስለሚወድሽ ነው። ጀስት ሮስት ነው እኮ» አለችኝ። ካርልን ሦስት ሳምንት ሰላምታ ነፈግኩት።

ከዚያ አገሬ ብሆን የማደርገውን አደረግሁ፤ ሽማግሌ ላክሁ። ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ጋሽ ታደሰና አንድ ጓደኛቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ቅዳሜ ጠዋት ካርል በር ላይ ቆሙ። ካርል ወዲያው ኮል አደረገኝ።

«አስቴር፣ ሁለት ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው በሬ ላይ ቆመዋል። ሰው ሞቷል እንዴ?»

«አይ፣ ለእርቅ ነው።»

«ከማን ጋር ተጣላሁ?»

«ከእኔ ጋር።»

ስልኩን ሳይዘጋ በሩን ሲከፍትላቸው ሰማሁ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ታደሰ ደወሉ። «ልጄ፣ ሰውየው ሻይ አፍልቶ አስተናገደን። የማልወደውን ሰው ሮስት አድርጌ አላውቅም አለን። ግን ከከፋት በደለኛ ነኝ ብሎ፣ ብድግ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አደከምኩዎት» አልኳቸው።

ሰኞ ተጨባበጥን። እኔም ከልቤ ይቅር አልኩት። ግን ከዚያ ወዲህ ካርል አይቀልድብኝም። ከሌላው ጋር ሲሳሳቅ ቆይቶ እኔ ስገባ ሽርጡን ያስተካክልና «ጉድ ሞርኒንግ፣ ማም» ይለኛል። አንድ ቀን በራሴ ላይ ቀልድ ጀመርኩለት፤ በትሕትና ፈገግ ብሎ ወደ ድስቱ ዞረ። እንደ እንግዳ ሰው ያከብረኛል። መከበሩ አደከመኝ።

ባለፈው እሁድ ይህን ሁሉ ደብረ ብርሃን ላለው ወንድሜ ለብርሃኑ በስልክ ነገርኩት። ብርሃኑ ከልጅነታችን ጀምሮ እኔን ሳይተርብ መዋል የማይችል ሰው ነው፤ ስልክ ሲያነሣ እንኳ «ማን ናት ይቺ ቀበጥ» ነው የሚለኝ። ይስቃል ብዬ ነበር።

«እኔስ አስቀይሜሽ አውቃለሁ?» አለኝ።

«ኧረ በማርያም፣ አንድ ቀን እንኳ።»

«ብቻ አስቀይሜሽ ከሆነም ይቅር በይኝ።»

«እስቲ ተወኝ፤ ይልቅ እንደ ልማድህ ስደበኝ።»

«አይ» አለ። «ደህና ዋይልኝ፣ እህቴ።»