ድንጋዮቹን ማን አቆማቸው

በዘጠናዎቹ አጋማሽ በስደት በምኖርባት በሴንት ፖል ከተማ አንድ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባቸው ነበር። ሥራዬ ማጠብ፣ ማልበስና ቁርስ ማቅረብ ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ አንድ ቀን የእጅ ጽሑፌን አይተው መጽሐፋቸውን እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

መጽሐፉ ስለ ጥንታዊት ብሪታኒያ ነበር። ቅድመ አያቶቻቸው ከዚያች ደሴት የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን ደሴቲቱ በራሷ አንድም ቁም ነገር ሠርታለች ብለው አያምኑም። እዚያ ሜዳ ላይ ክብ ሠርተው የቆሙትን ግዙፍ ጥንታዊ ድንጋዮች ያቆሟቸው በመርከብ የመጡ የፊንቄ ነጋዴዎች ናቸው፣ ከዋክብት መቁጠሩንም ያስተማሩት ግብጻውያን ናቸው ይላሉ። ሃሳቡን የለቀሙት፣ ምሁራን ስህተት ነው ብለው ከጣሏቸው አሮጌ መጻሕፍት ነው።

ሁለት ወር ያህል ዝም ብዬ ጻፍኩ። አንድ በረዷማ ጠዋት ግን «የደሴቲቱ ገበሬዎች ይህን ለማሰብ የሚበቃ አእምሮ አልነበራቸውም» ብለው ሊያስጽፉኝ ሲሉ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

አባቴ በአገሬ በሰንዓፈ አካባቢ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ቋጥኙን እየበሳ ደረቅ የእንጨት ሽብልቅ ይሰካበትና ውሃ ያጠጣዋል፤ እንጨቱ ሲያብጥ ቋጥኙ ለሁለት ይከፈላል። ልጅ ሳለሁ አንድ እንግዳ መጥቶ፣ በመንደራችን አጠገብ ያለውን ሐውልት ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰዎች እንዳቆሙት ነገረው። አባቴ መዶሻውን እንኳ ሳያስቀምጥ፣ ታዲያ ድንጋዩን ማን ተሸከመላቸው ብሎ ጠየቀው።

«ይህን አልጽፍም» አልኳቸው።

«የጠየቅኩሽ እጅሽን ነው፣ ሃሳብሽን አይደለም።»

«እጄም የድንጋይ ጠራቢ ልጅ እጅ ነው። ገበሬ አእምሮ የለውም ብሎ አይጽፍም።»

ለቀጠረኝ የእንክብካቤ ድርጅት ከሰውኝ ነበርና፣ ከሰዓት በኋላ ሱፐርቫይዘሬ ደወለች። ይቅርታ ካልጠየቅኩ በእሳቸው ቤት ያለኝን ሥራ ለሌላ ሰው እንደምትሰጥ ነገረችኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ከሆነ ለእሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ለተናገርኩት ግን አልጠይቅም አልኳት። በማግስቱ ራቅ ብሎ ሜፕልዉድ ወደሚኖሩ አንዲት ባልቴት ላከችኝ። ሦስት ሳምንት በዚያ ብርድ ሁለት አውቶቡስ እየቀያየርኩ ተመላለስኩ። መንገዱ መሮኝ ነበር፤ መጸጸት ግን አልተጸጸትኩም።

በአራተኛው ሳምንት መልሳ ደወለች። መምህሩ በእኔ ቦታ የተላከችውን ሴት ጽሑፍ ማንበብ አቅቷቸው፣ እኔ እንድመለስ ጠይቀዋል። ስገባ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት። ያ ዓረፍተ ነገር የሚገባበት ቦታ ባዶ ነበር።

«እሱን እኔው እጽፈዋለሁ» አሉ።

ብዕሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ጊዜ ታገሉ። አላገዝኳቸውም። ሲጨርሱ ግንባራቸው በላብ ርሶ ነበር፤ በፎጣ ጠረግኩላቸው። ከዚያ ቀጣዩን ምዕራፍ ጀመሩ፣ እስከ ምሳ ሰዓትም ጻፍን።