ክቡ መደገፊያ

ባሌ አናጺ ነው፤ አፉ እሳት፣ እጁ ወርቅ። ክብ እንጨት በኮላ ሲያጣብቅ እንጨት ነክሶ የሚይዘውን የብረት ሞርሳ አይነካም። «ብረት ክብ ነገር ላይ ይንሸራተታል፤ ላስቲክ ግን እቅፍ ያደርገዋል» እያለ፣ በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ጠምጥሞ ያስረዋል።

ዛሬ ምሳውን ይዤለት ስገባ፣ የእህቴን ወንበር ክብ መደገፊያ በብረት ሞርሳ ሲያጠብቅ አገኘሁት። ሞርሳው ተስፈንጥሮ ወደቀ።

«የማይረባ እንጨት!» ብሎ ጮኸ።

«አንተ ሰውዬ፣ ላስቲኩ የት ሄዶ ነው?» አልኩት ተናድጄ።

ላስቲኩ እግሩ ሥር ወድቋል። ቀና ስል እጆቹን አየሁ፤ ይንቀጠቀጣሉ።

ላስቲኩን አነሳሁ። «እኔ ልጠምጥመው፤ አንተ እየተሳደብክ አሳየኝ።»

እጆቹን ጭኖቹ ሥር ደብቆ ተቀመጠ። «እሺ፣ ከታች ጀምሪ» አለኝ ቀስ ብሎ።

አልተሳደበም። የፈራሁት ያኔ ነው።