ከቀዩ መስመር በላይ

ኦሎምፒያ አካባቢ የፎቶ ኮፒ ማሽን ሻጭ ሳለሁ አብሮኝ የሚሸጥ ባልደረባ ነበረኝ። ሥልጣን ሲወድ ለጉድ ነው፤ የማህተም ቀለም በኪሱ ይዞ ይዞራል። ሥራ አስኪያጁ ለሳምንት ክፍለ ሀገር ሲሄድ ይህንን ሰው ወከለብን። አለቀልን!

መጀመሪያ የያዘው የፊርማ መዝገቡን ነው። ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምራል፤ ከመስመሩ በታች የፈረመ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። እኔ ደግሞ ከሲኤምሲ ታክሲ ተጋፍቼ ስለምመጣ በሰዓቱ ደርሼ አላውቅም። ያ መስመር እንዴት እንዳንገበገበኝ!

ሐሙስ ዘግይቼ ስገባ ጀርባውን ሰጥቶ ስልክ ያወራል። ከመስመሩ በላይ አንዲት ረድፍ ባዶዋን አየኋትና ፊርማዬን ሸጎጥኩባት። ቶሎ ብዬም ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

ስልኩን ዘግቶ መዝገቡን ገለጠና ጣቱን ፊርማዬ ላይ አሳረፈ። ለካ ረድፏን ለራሱ ትቷት ኖሯል። ቢሮውን የከፈተው እሱ ነው፤ እኛን ሲጠብቅ መፈረሙን ረስቷል።

ከመስመሩ በታች ፈረመ። ለራሱ ማስጠንቀቂያ ጻፈ፣ ማህተም መታበትና «ፋይሌ ውስጥ አስገባልኝ» ብሎ ሰጠኝ።

«ኧረ ተው፣ አንተ እኮ ቀድመህ ነው የገባኸው!» አልኩት።

«መዝገብ አይዋሽም» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።